ዘይቱ ከየት ነው? የአባባ ቮልስ የጥገና ማስታወሻ

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ቮልሷን ሳንቀሳቅሳት የቆመችበት ድንጋይ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ዘይት ተኝቷል። ትናንትም ነበር፤ ግን እንዲህ አልሰፋም። እስካሁን «አሮጌ መኪና ትንሽ ማንጠባጠቧ አይቀርም» እያልኩ በጨርቅ ስጠርገው ቆይቻለሁ። ዛሬ የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳየው ግን ዘይቱ ወደ ታችኛው ምልክት ወርዷል። ሞልቼው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ያየሁትንና የነካሁትን ሁሉ በዚህ ደብተር እጽፋለሁ። ሳልጽፍ የፈታሁት ነገር ኋላ ይምታታብኛል።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስዋገን ናት፣ ባለ 1300 ሞተር። ከዲናሞው እግር ሥር የተቀረጸው የሞተር ቁጥር በኤፍ ፊደል ይጀምራል፤ ኤፍ የ1300 ምልክት ስለሆነ ሌላ ዓይነት ሞተር አልገባባትም ማለት ነው። አባባ ድሬሰር ሆኖ መንዝ ውስጥ ሲሠራ የገዛት ናት። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በጠጠር መንገድ መድኃኒት ሲያመላልስባት ኖሯል፤ እኔና እህቴ በኋላ ወንበሯ ላይ ባና ተከናንበን እየተኛን ነው ያደግነው። ዛሬም ፀሐይ ላይ ጋቢውን ለብሶ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነው።

የዘይቱ ነገር ያስጨነቀኝ በዋጋው አይደለም። ቮልስ ውሃ የላትም። ሞተሯን የሚያቀዝቅዘው የማራገቢያው ነፋስና ራሱ ዘይቱ ነው፤ ሙሉው ዘይት ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ። ግማሽ ሊትር ሲጎድል ከአምስት አንዱ እጅ ሄደ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የጣርማ በርን ዳገት ስትወጣ የቀረው ዘይት ብቻውን ይቃጠላል። ለሌላ መኪና ቀላል የሆነ ጉድለት ለእሷ ቀላል አይደለም።

ማታ ሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ። የአራቱን ጎማዎች ቦታ በስክሪፕቶ አመለከትኩበት።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

ካርቶኑ ላይ ትልቁ ጠብታ ያረፈው ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚገናኙበት በታች ነው። በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ደግሞ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ።

ከሥራ መልስ ከዚህ በፊት ወደምወስዳት ጋራዥ ጎራ አልኩ። ሜካኒኩ በባትሪ አንድ ጊዜ አየና ከተጋደመበት ሳይነሣ «የቮላኖው ኦይል ሲል ነው፤ ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ቮላኖ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ ነው፤ ኦይል ሲሉ ደግሞ በዚያ በኩል ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት። የነገረኝ ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ ይበላል። በጥቅምትም ይኸው ሰው ነበር «ወፍራም ዘይት አድርግበት፣ ይቆማል» ያለኝ፤ እኔም ሰምቼው ቁጥር 50 ሞላሁ። አልቆመም። እንዲያውም ዛሬ ደብተሩን ስጀምር ወደ ኋላ ሳስበው ከዚያ በኋላ ነው የባሰበት። ይህንን እዚሁ ላይ መዝግቤዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባኝም።

በሙያው ያለ ሰው የሚናገረውን ማክበር ግዴታዬ ነው። ነገር ግን ጠብታው የወደቀበትን እንጂ የተነሣበትን አላየም። እኔም ገና አላየሁም።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

ጾም ገባ። ከቁርስ በፊት አንድ ሰዓት ተርፎኛል።

መጀመሪያ መለየት ያለበት የሞተር ዘይት ነው ወይስ የካምቢዮ ዘይት የሚለው ነው፤ በዚያ መገጣጠሚያ በኩል ሁለቱም ሊወርዱ ይችላሉ። ጠብታውን በነጭ ወረቀት ተቀበልኩት። የካምቢዮ ዘይት ቢሆን ማር የመሰለ ወፍራም፣ ሽታውም እንደ ዲን አፍንጫ የሚወጋ ነበር። ይኼኛው ጥቁር ነው፤ ሽታውም የተቃጠለ የሞተር ዘይት። እርግጠኛ ነኝ፣ የሞተር ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍሪሲዮኑ ነው። የቮላኖው ኦይል ሲል ይህን ያህል የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ሸራ ማርጠብ ነበረበት፤ ሸራው ሲረጥብ ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም። ባለፈው እሑድ ከጫጫ ስመለስ አራት ሰው ጭኜ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ አንዴም አልሸሸም። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሽታም የለም። ግን ሌላ ሽታ አለ፦ ስቆም ከግራ በኩል ሰማያዊ ጭስ ቢጤ ይወጣል። ዘይት በግራው የጭስ ማውጫ ቱቦና ማሞቂያ ሳጥን ላይ እየተንጠባጠበ ነው። የቮላኖው ቢሆን እዚያ ድረስ በምን ይደርሳል?

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ማጠብ ነው የሠራሁት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ እኔ ግን ከዚህ ማስታወሻ ለሌላ ሰው አንድ ነገር የሚጠቅም ካለ ይኼ ይመስለኛል። የቆየ ዘይትና አቧራ እንደ ምንጣፍ ተጋግሮ የለበሰ ሞተር ላይ አዲሱን ጠብታ ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ዘይቱ በዚያ ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ይሄድና በፈለገው ቦታ ይወጣል።

ካርቡራተሩን፣ ዲስትሪቢውተሩንና ዲናሞውን በፌስታል ጠቅልዬ በክር አሰርኩ። የኋላውን በክሪክ አንሥቼ በባሕር ዛፍ ግንዲላ ደገፍኩት፤ በክሪክ ብቻ ተማምኜ ሥሯ አልገባም። ከዚያ ነጭ ጋዝና የቀለም ብሩሽ። ከባዱን በካቻቢቴ ጫፍ እየፋቅሁ፣ ቀሪውን በብሩሽ እያሸሁ፣ በጨርቅ እያደረቅሁ። ከሰዓት በኋላ ላይ የሞተሩ ቀፎ መልኩን አሳየ፦ የማግኒዚየም ብረት ነው፣ አመድማ። ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ የተገጠመ ስለሆነ መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስፌት የመሰለ መስመር አለው። ከዚህ በፊት ይህንን መስመር አይቼው አላውቅም።

አባባ ወንበሩን አስጠግቶ ሲያየኝ ዋለ። «ቁስል ሳይታጠብ አይታይም» አለኝ አንዴ።

ኅዳር 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቀላል ቀላሉን ጨረስኩ። የሁለቱም ቴስታታዎች (የሲሊንደር ራሶች) የቫልቭ ክዳን ቡሽ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በአዲስ ቀየርኩ። ከሥር ያለችውን የዘይት ወንፊት ክዳን የያዙት ስድስት ዳዶዎች ናቸው። ሰው ሁሉ ዘይት ሲያፈስ አጥብቆ ያስራቸዋል፤ ልካቸው ግን 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት እንደማለት። አንዱ ጥርሱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ወረቀቱንና የመዳብ ሮንዴላዎቹን ቀይሬ በልካቸው አሰርኩ።

እነዚህ የትልቁ ጠብታ ምክንያት እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ግን ሦስት ቦታ የሚያፈስን ሞተር መመርመር አይቻልም፤ ሁለቱን ዘግቶ ሦስተኛውን መጠበቅ ነው።

ኅዳር 19፣ ሰኞ

በንጹሕ አመድማ ብረት ላይ ቀጭን ዘይት አይታይም። ከሰሌዳ ሥር የተጠራቀመ የጠመኔ ስብርባሪ በፌስታል ይዤ መጣሁ፤ በጠርሙስ አድቅቄ በወንፊት ነፋሁትና ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል በጠበጥኩት። ቀጭን አጥሚት እስኪመስል። በብሩሽ የሞተሩን ሆድ፣ የግራውን ጎን፣ በቀፎውና በቴስታታው መካከል ያሉትን አራት የግራ ቱቦዎች፣ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበትን ከንፈር ሁሉ ቀባሁ። አልኮሉ በደቂቃ ውስጥ በኖ ሞተሩ እንደ ኖራ ነጭ ሆነ። ስንጥቅ ብረት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከድሮ ጀምሮ በዚሁ መንገድ ይጠቀማሉ፦ ነጩ ዱቄት ዘይቱን እንደ ወረቀት ይመጠዋል፣ የነካው ቦታ ሁሉ ይጠቁራል።

ማታ ሞተሩ ገና ሞቅ እንዳለ ሩብ ሰዓት አስነሥቼ ጠበቅሁ። ምንም። እንደ ነጣ ነው። ሥሩ ተጋድሜ ነጩን ብረት ሳይ ከልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ወይ የቡሽ ጓርኒሲዮኖቹ ነበሩ፣ ወይ እኔ የማላየው ቦታ አለ። ካርቶኑን መልሼ አነጠፍኩ።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ አየሁት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ወርዷል፤ የጣሪያው ቆርቆሮና የግቢው ሣር ነጭ ሆነዋል፣ ቁልፉን ስይዘው እጄ ላይ የሚጣበቅ ይመስላል። ካርቶኑ ደረቅ ነው። ይህም አንድ ነገር ነገረኝ፤ ቆማ ስታድር አታፈስም ማለት ነው። የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። አሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ማርሹን ነጻ አድርጌ፣ ግንዲላውን ደግሜ ፈትሼ፣ የእህቴን የእጅ መስታወትና ባትሪ ይዤ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተጋደምኩ። «አስነሣ!» አልኩት።

በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ መስታወቱን ወደ ላይ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር (ግራ ሆኖ ወደ ካምቢዮው የቀረበው ነው) ሳዞረው ከማራገቢያው ላሜራ (የቆርቆሮ ሽፋን) ጠርዝ ሥር የፀጉር ቅጥነት ያላት ጥቁር መስመር ነጩ ላይ ብቅ አለች። በጣም በዝግታ ነው የምትወርደው፤ ወፍራም ዘይት በብርድ እንዴት እንደሚንፏቀቅ ያየ ያውቀዋል። ቀፎው ጎበጥ ያለበት ቦታ ስትደርስ ቆመች፣ ጫፏ እንደ እንባ አበጠ፣ ከዚያ ለሁለት ተከፈለች። አንዷ በቀፎው ከንፈር ይዛ ወደ ካምቢዮው መገጣጠሚያ ሄደች፤ ሌላዋ የሦስተኛውን ሲሊንደር ቱቦ ይዛ ወደ ማሞቂያው ሳጥን ወረደች። ካርቶኑ ላይ ያየኋቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ መስመር፣ መስመሩም ከላይ።

«ቲቸር፣ አጥፋ?» አለኝ ልጁ። አታጥፋ አልኩት። ሞተሩ እየሞቀ ሲመጣ መስመሯ መስፋቷን አቆመች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያው እንደነበረች ናት። ለካ ትናንት ማታ በሞቀ ሞተር ምንም ያላየሁት ለዚህ ነው።

ከዚያ ቦታ በላይ ያለው አንድ ነገር ነው፦ የዘይት ራዲያተሩ። በማራገቢያው ላሜራ ውስጥ ቆሞ የሚሸሸግ፣ ነፋሱ በውስጡ እያለፈ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝ። ከቀፎው ጋር የሚገናኘው በሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ነው። ግን በብርድ ብቻ ለምን?

ኅዳር 21፣ ረቡዕ

ጽዮን ናት። መሣሪያ አልነካሁም።

ማታ ለአባባ በወረቀት ሥዬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ቆይቶ ካየ በኋላ፣ «ቤት ሲያፈስ ውሃው በወደቀበት በላይ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም። ማገሩን ይዞ ነው የሚሄድ። መኪና ሲሆን ለምን ይረሱታል?» አለኝ። ራዲያተሩ ተፈትቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱ እስከሚያስታውሰው ሞተሩ አንድ ጊዜ ወርዷል፤ እኔ ሳልወለድ።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

የዘይት ራዲያተሩ የሚወጣው የማራገቢያው ላሜራ ሲነሣ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞተሩ መኪናዋ ላይ እንዳለ በጠባብ ቦታ የሚያስለቅስ ሥራ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይወርዳል። ሜካኒኩ «ሞተር ይወርዳል» ያለው ልክ ሆነ፤ ምክንያቱ ነው ሌላ የሆነው።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት፣ ሁሉም በ17 ቁልፍ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ትንንሽ ነገር አለ። ባትሪዋ ከኋላው ወንበር ሥር ስለሆነች መጀመሪያ እሷን አላቀቅሁ። የዲናሞውን፣ የኮይሉን፣ የካርቡራተሩንና የዘይት መብራቱን ሽቦዎች አንድ በአንድ ስፈታ በአባባ የቁስል ፕላስተር ስም እየጻፍኩ ጠቀለልኳቸው። የቤንዚኑን ጎማ ነቅዬ ጫፉን በእርሳስ ደፈንኩ። የነዳጅ መርገጫው ሽቦ፣ የሁለቱ ማሞቂያዎች ሽቦና ቱቦ፣ ከኋላ ያለው ላሜራ።

አስቸጋሪዋ የላይኛዋ የቀኝ ብሎን ናት። ዳዶዋ ከማራገቢያው ላሜራ ጀርባ ተደብቃለች፤ የእኔ እጅ አይገባም። የልጁ ገባ። እሱ ዳዶዋን ይዞ እኔ ከሥር ፈታሁ።

ክሪኩን ከሳንቃ ጋር ሞተሩ ሥር አስገብተን ወደ ኋላ ሳብነው፤ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ነጻ እስኪወጣ ድረስ ቀጥ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ሸራው ይጣመማል። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ታች። ሞተሩ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ግን ላሜራ ላይ ካረፈ በገመድ ይጎተታል። ጎረቤቶቼና የእህቴ ባል ሆነው አምስት ሰዎች የመኪናዋን ጭራ ከፍ አደረጉ፣ እኔና ልጁ ሞተሩን ከሥሯ ጎተትነው። አባባ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ቀረበና በመዳፉ ማራገቢያው ላይ ነካው። ምንም አላለም።

መሽቷል። ቮላኖውን ነገ በብርሃን አያለሁ።

ኅዳር 25፣ እሑድ

ፍሪሲዮኑን ፈታሁ። ከኋላው ያለው ሁሉ ደረቅ ነው። የሸራው ብናኝ በቮላኖው ዙሪያ እንደ ጥቀርሻ ደርቆ ተቀምጧል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት አቧራ እንጂ ቅባት አልመጣም። ከኦይል ሲሉ ሥር ያለው የቀፎው ስፌትም እንደዚያው። የረጠበው ከውጭ፣ ከንፈሩ ላይ ብቻ ነው።

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «አንዴ ከወረደ ለምን አትቀይረውም?» ይላል። አሰብኩበትና አልነካም አልኩ። ቮላኖውን የያዘው መሐለኛው ዳዶ ሲታሰር ወደ 350 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ሲነቀል ሲተከል በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ልቀት (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት) ተዛብቶ ሊመለስ ይችላል። ይህ ልቀት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ከሚያስተምር ወዳጄ ዳያል ጌጅ ተውሼ ለካሁት፦ 0.10። ደረቅና በልኩ የሆነን ነገር መፍታት ለማን ይጠቅማል?

ከሰዓት በኋላ ዲናሞውንና የማራገቢያውን ላሜራ አንድ ላይ አነሣሁ። ራዲያተሩ ቆሞ ታየ። ሥሩ፣ ቀፎው ላይ ያረፈበት ቦታ፣ በዘይትና በአቧራ የተሠራ ጥቁር ሊጥ ከቦታል። የያዙት ሦስት ባለ 10 ዳዶዎች ናቸው። ሲነሣ ሁለቱ የጎማ ቀለበቶች ቀፎው ላይ ቀሩ። አንዱን በካቻቢቴ ጫፍ ላወጣው ስነካው ለሁለት ተሰበረ። ጎማ ነው የምለው፤ እንደ አጥንት ደርቋል። ሌላው አንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ጎማ እንዲህ አይሆንም። አንድ ነገር ከውስጥ በኃይል ገፍቶታል።

እዚህ ላይ ደስታዬ ተገታ። እርጅና ብቻ ቢሆን ሁለቱም መድረቅ ነበረባቸው እንጂ አንዱ መገፋት አልነበረበትም።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

የእህቴ ባል ለሥራ አዲስ አበባ ወርዶ ነበርና ከሶማሌ ተራ ቀለበቶቹን ይዞልኝ መጣ። አይሆኑም። ቀዳዳቸው ከቀፎው ቀዳዳ ይሰፋል። ለካ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ከእ.ኤ.አ. 1970 ሞዴል ወዲህ ያሉት ሞተሮች የዘይት መንገዳቸው ሰፍቷል፤ የእኔ የድሮው ጠባቡ ነው፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር። ሰፊውን አድርጎ ማሰር ይቻል ነበር፤ ግን ጎማው ከቀዳዳው ጠርዝ ርቆ ይቀመጥና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አሮጌውን የተሰበረውን በፖስታ አድርጌ በአውቶቡስ ለሚሄድ ዘመድ ሰጠሁ፤ «ይህንን አሳይተህ ትክክለኛውን» ብዬ።

ኅዳር 29፣ ሐሙስ

የአባባ መድኃኒት ሣጥን ውስጥ የቆየ የቮልስ የጥገና መጽሐፍ አለ፤ ሽፋኑ የለም። ስለ ዘይት ራዲያተሩ ያለውን ገጽ ሳነብ የጎደለኝን አገኘሁ። ራዲያተሩ ካፈሰሰ የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ ፈትሽ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ ሥር፣ በግራ፣ ወደ ፑሊው በኩል ሰፊ የካቻቢቴ ጭረት ያለው ክዳን አለ። ከውስጡ ሞላ፣ ከሞላው በላይ የጣት ያህል የብረት ፒስቶን። ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ፖምፓው የሚያመጣው ግፊት ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋል፤ መንገዱ ይከፈትና ዘይቱ ራዲያተሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞላው ፒስቶኑን ይመልሳል፣ ዘይቱ በራዲያተሩ ዞሮ ይቀዘቅዛል። ፒስቶኑ ከላይ እንዳለ ተጣብቆ ከቀረ ግን ያ የብርድ ግፊት ሁሉ ራዲያተሩ ላይ፣ በሁለቱ ቀለበቶች ላይ ያርፋል።

ክዳኑን ፈታሁ። ሞላው ወጣ። ፒስቶኑ በራሱ ክብደት ተከትሎ መውደቅ ነበረበት፤ አልወደቀም። ቀፎውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብዬ ቸበቸብኩ፤ አልተነቃነቀም። ባለ 10 ታፕ (የብሎን ጥርስ ማውጫ) ከውስጡ አስገብቼ በትንሹ ነክሶ እንዲይዝ አዞርኩና ሳብኩት። ሦስተኛው ላይ እየተንቋቋ መጣ። ጎኑ ላይ ቡናማ ሙጫ የመሰለ የተጋገረ ዘይት አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ቀጭን ጭረት።

እንግዲህ አሁን ሁሉም ገጠመ። ፒስቶኑ ተጣብቋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ፣ በኅዳር ውርጭ። በዚያ ላይ በጥቅምት ቁጥር 50 ሞላሁባት። ያ ዘይት በዚህ ብርድ እንደ ቅቤ ነው፤ ፖምፓው ሲገፋው መውጫ አጥቶ በቀለበቱ በኩል ወጣ። ማፍሰሱን ያቆማል የተባለው ዘይት ነው ማፍሰሱን ያባሰው። ይህንን ለሜካኒኩ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ሌላ ሰውም እንዲሁ እንዳይመክር።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

ፒስቶኑን በቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥቤ አለሰለስኩት፤ ቀዳዳውን በጣቴ ላይ በጠቀለልኩት ጨርቅና ነጭ ጋዝ። ደጋግሜ ከተትኩት፤ በመጨረሻ ለቅቄው በራሱ ተንሸራቶ እጄ ላይ ወደቀ። አምስት ጊዜ ያህል ደገምኩት፣ ለማመን።

ትክክለኞቹ ቀለበቶች ትናንት ማታ ደርሰዋል። የሚያርፉበትን ቦታ አጽድቼ፣ ቀለበቶቹን በአዲስ ዘይት ቀብቼ ራዲያተሩን አስቀመጥኩ፤ ሦስቱን ዳዶዎች ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ። ከመግጠሜ በፊት የራዲያተሩን አንድ ቀዳዳ በጎማ ዘግቼ በሌላው በጎማ መንፊያ እየነፋሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገብቼው ነበር፤ አረፋ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ውስጡን በነጭ ጋዝ አጥቤ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኩት።

ሞተሩን ለመመለስ ያው አምስት ሰው። መውረዱ ሁለት ሰዓት የፈጀ፣ መመለሱ አራት። የካምቢዮው ዘንግ ፍሪሲዮኑ ውስጥ እስኪገባ ልጁ ፑሊውን ቀስ እያለ ያዞር ነበር። ገባ ስንል ሁላችንም ሰማነው።

ዘይቱ በዚህ ጊዜ ቁጥር 30፣ መጽሐፉ እንደሚለው። 2.5 ሊትር።

ታኅሣሥ 2፣ እሑድ

ካንዴላዎቹን ነቅዬ በስታርተር ብቻ አዞርኳት፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። ጠፋ። ካንዴላዎቹን መልሼ አስነሣኋት። ጠመኔውን ደግሜ ቀብቼ ነበር። ነገ በውርጩ አያታለሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

በ12 ሰዓት ተኩል፣ ያው ከረጢት፣ ያው መስታወት። ልጁ አስነሣ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ከላሜራው ጠርዝ ሥር ያለው ቦታ ነጭ ነው። በባትሪው ቀርቤ እያየሁት ነጭ ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

በብርድ ብቻ መፈተን አይበቃም፤ ሙቀትና ዳገትም አለ። አባባን ከፊት አስቀምጬ ወደ ጣርማ በር ወጣሁ። ዋሻው አፍ ላይ ነፋሱ በር አላስከፍት አለ፤ ወርጄ ከሥሯ አየሁ፣ ደረቅ። ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲና። አባባ በመስኮት ቆሎ ገዛ፤ ጾም ስለሆነ ሌላ የሚገዛም የለም። የፈራሁት ግን ሲወጣ ነው፦ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለው ዳገት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ግሎ። ጫፉ ላይ ቆምኩ። ሰማያዊው ጭስ የለም። አባባ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ቆየና «ትሸታለች እንዴ?» አለኝ። አትሸትም አልኩት። ቆሎውን ዘረጋልኝ።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

የዘይት መለኪያው ትናንት ካመለከትኩበት አልወረደም።

ካርቶኑ ላይ ግን አንድ ጠብታ አለ፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ቦታዋ እንደ ድሮው አይደለም፣ ወደ ፊት ራቅ ብላ ወደ ግራው ጎማ ቀርባለች። በነጭ ወረቀት አነሣኋት፤ ቢጫ ናት፣ ማር የመሰለች፣ ሽታዋ እንደ ዲን። የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ከግራው አክስል የጎማ ሽፋን የሚመጣ። በእጄ ዳሰስኩት፤ መያዣው ላልቷል። ካርቶኑን ገልብጬ ንጹሑን ጎን ወደ ላይ አድርጌ አነጠፍኩት።